ስቲመር በጎንደር ኩሽና፦ ከቦታ መረጣ እስከ መጀመሪያው ሩዝ

ለብቻዬ ኃላፊነት ወስጄ የተከልኩት የመጀመሪያ ስቲመር፣ ማለትም ምግብ በእንፋሎት የሚያበስል የኩሽና ማሽን፣ ያሳፈረኝ በአንዲት ትንሽ መብራት ነው። ፒያሳ አካባቢ ያለ ሆቴል ነበር። ኤሌክትሪኩን ቀጠልኩ፣ ውሃውን አስገባሁ፣ አበራሁት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በበሩ ጎማ ጠርዝ እንፋሎት ይትጎለጎል ጀመር፤ «ዝግጁ» የምትለዋ አረንጓዴ መብራት ግን አልበራ አለች። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ነው ብዬ መለዋወጫ ቀየርኩ። አልበራችም። በማግስቱ ሌላ ቀየርኩ። ዋና አብሳይዋ ወገባቸውን ይዘው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ እንፋሎቱ ቤቱን ሞልቶታል፤ የምናበስለው መብራቷን ነው ወይስ ሩዙን?» አሉኝ።

አዲስ አበባ ያለ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ጋ ደወልኩ። «ቴርሞሜትር ከተህበታል?» አለኝ። ከተትኩ፤ 93 ዲግሪ ይላል። «ታዲያ ጎንደር ላይ ውሃ በስንት ይፈላል?» ብሎ ዝም አለኝ። መብራቷ እንድትበራ ከፋብሪካ የተስተካከለችው 97 ዲግሪ ላይ ነበር። ጎንደር ውስጥ ክፍት እንፋሎት 97 አይደርስም፤ እስከ ጥምቀት ብንጠብቅም አይደርስ።

ስለዚህ ይህን መመሪያ ስጽፍ ዋናው ጉዳዬ ማሽኑ አይደለም። የማሽኑን ብሎን ማጥበቅ ማንም ይችላል። ስቲመር የሚበላሸው በከፍታ፣ በውሃና በኤሌክትሪክ ነው፤ ሦስቱም ደግሞ ማሽኑ ከካርቶኑ ሳይወጣ መታወቅ ያለባቸው ናቸው።

ከፍታው ምን ያደርጋል

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያው ጋ ወደ 2000 ዝቅ ይላል፣ ጎሃ ተራራ ላይ ደግሞ ከከተማው ከፍ ይላል። በየ300 ሜትሩ የውሃ መፍያ በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል ብላችሁ ብታስቡ አትሳሳቱም፤ ከ100 ላይ 7 ተቀንሶ 93 የመጣው ከዚህ ነው።

ግፊት የሌለው ስቲመር፣ ማለትም እንፋሎቱ በፍሳሽ ቧንቧው በኩል ከአየር ጋር የሚገናኝ፣ በ93 ዲግሪ ነው የሚያበስለው። ምግቡ ይበስላል፣ ለጤናም በቂ ነው፤ ሰዓቱ ግን ይረዝማል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የማብሰያ ሰንጠረዥ ባሕር ዳርቻ ላለ ኩሽና የተጻፈ ነው። ባሕር ዳርቻ ስል ባሕር ዳርን አይደለም፤ እሷም ከእኛ ብዙ አትወርድም።

የግፊት ስቲመር ሌላ ነው። በሩ ተቆልፎ በ1 ባር ግፊት የሚሠራ ከሆነ ባሕር ወለል ላይ 120 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፣ እዚህ 117 አካባቢ። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ድንችና ባቄላ የሚያበስል ቤት ይህን ቢመርጥ አልቃወምም። ብቻ የደኅንነት ቫልቩን ማንም እንዳይነካው። «ይፏጫል» ብሎ በሽቦ ያሰረ ሰው አይቻለሁ። ያ ቫልቭ ካልተነፈሰ በሩ ነው የሚተነፍሰው።

ኮምቢ ኦቨን፣ ማለትም በእንፋሎትም በትኩስ አየርም የሚያበስል ምድጃ፣ የምትገዙ ከሆነ አብዛኞቹ አዳዲሶቹ በማስተካከያ ገጻቸው ውስጥ ከፍታ የሚሞላበት ቦታ ወይም መፍያውን ራሱ ለክቶ የሚመዘግብበት ትእዛዝ አላቸው። ይህ ሳይደረግ ሥራ ከጀመረ ማሽኑ የማይመጣ 100 ዲግሪ ሲጠብቅ ውሎ ያድራል፤ ውሃውን የሚያሞቀው ኤለመንት ሳያርፍ፣ ቆጣሪው ሳያርፍ።

ግዢ፦ ከኋላ ያለችውን የብረት ሰሌዳ አንብቡ

ያገለገለ ማሽን ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጠንካራ ነው። ነገር ግን ከመክፈላችሁ በፊት ከኋላው የተለጠፈችውን ሰሌዳ ፎቶ አስነሥታችሁ አስልኩ። የምትፈልጉት 380 ወይም 400 ቮልት፣ ሦስት ፌዝ፣ 50 ኸርዝ ነው። ሰሌዳው 208 ቮልት 60 ኸርዝ ካለ ማሽኑ የአሜሪካ ነው። እሱን እንዳለ 380 ላይ ብትቀጥሉት ኤለመንቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፤ ጎመኑ ሳይበስል ኤለመንቱ ይበስላል። የኤለመንቶቹን አቀጣጠል ከዴልታ (በሁለት ፌዝ መካከል) ወደ ስታር (በፌዝና በኒውትራል መካከል) ቀይሮ ማሠራት የሚቻልባቸው አሉ፤ ያኔ እያንዳንዱ 220 ገደማ ያገኛል፣ ጥቂት ይበዛበታል እንጂ ይሠራል። የመቆጣጠሪያው ሰርኪዩት ግን የራሱ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ የ60 ኸርዝ ማራገቢያም በእኛ 50 ላይ በአንድ ስድስተኛ ዘግይቶ ይሽከረከራል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ አጠገባችሁ ከሌለ አትግዙት።

ሁለተኛው ውሳኔ ይበልጥ የእኛ አገር ነው፦ ውሃ በቧንቧ የሚገባለት ወይስ በእጅ የሚሞላ? ሻጩ ሁልጊዜ ባለ ቧንቧውን ያሞግሳል። እኔ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀበሌ ላለ አነስተኛ ሆቴል በእጅ የሚሞላውን እመክራለሁ። ከታች ገንዳ አለው፣ ጠዋት በጆግ ይሞላል፣ ማታ ይደፋል። የሚበላው በሰዓት ጥቂት ሊትር ነው፣ ዝቃጩም በየቀኑ አብሮ ይወጣል። ባለ ቧንቧው ለትልቅ ሆቴልና በቀን መቶዎችን ለሚመግብ ካፌ ይሁን።

ልኬት፦ አንድ ሙሉ ጠዋት ስጡት

ሜትርና ውሃ ልክ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ በሩን ለኩ። ፒያሳ አካባቢ ጣሊያን በወረራው ዘመን በሠራቸው ሕንፃዎች ውስጥ ያሉ ኩሽናዎች ግድግዳቸው ወፍራም፣ በራቸው ጠባብ፣ ኮሪደራቸው ጠምዛዛ ነው። ማሽኑ ገብቶ መታጠፊያው ላይ ሲቀር ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ግድግዳ ልትበሱ ካሰባችሁም ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ማሽኑ የሚቆምበት ቦታ ከመጥበሻው ይራቅ። የዘይት ጢስ የእንፋሎት ማሽን ማቀዝቀዣ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ካርዱን ያበላሻል፤ ውሃ ደግሞ ትኩስ ዘይት ላይ ሲንጠባጠብ ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል። ከግድግዳ የሚርቅበትን ርቀት የማሽኑ መመሪያ ይነግራችኋል። እኔ በዚያ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ የጎኑ ክዳን የሚከፈትበት በኩል ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ ካቻቪቴ የሚያዞርበት ቦታ ይኑር። ዛሬ ያተረፋችሁት ግማሽ ሜትር ነገ ማሽኑን ከነቧንቧው እንድትጎትቱ ያስገድዳችኋል።

ከመንገድ የመጣ ማሽን ሌላም ጣጣ አለው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ። በዚያ መንገድ የተናጠ ማሽን ውስጥ ያልላላ ብሎን የለም። ሳታገናኙት ክዳኑን ክፈቱና የኤሌክትሪክ ተርሚናሎቹን አንድ በአንድ አጥብቁ። የላላ ተርሚናል ይግላል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ ኤለመንቱን የሚያበራውንና የሚያጠፋውን ኮንታክተር ይዞ ይሄዳል።

ኤሌክትሪክ

ነገሩን በምጣድ እንለካው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። 12 ኪሎዋት ስቲመር ማለት ሦስት ምጣድ ተኩል በአንድ ጊዜ፣ ሳይጠፋ፣ ሙሉ የምሳ ሰዓት ማለት ነው። በሦስት ፌዝ 380 ቮልት ላይ ይህ በየፌዙ 18 አምፔር ይሆናል፤ 25 አምፔር ባለ ሦስት ምሰሶ ብሬከርና 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይበቃዋል፣ ርቀቱ ከረዘመ 6። ያንኑ ማሽን በአንድ ፌዝ ላሠራው ካላችሁ 55 አምፔር ገደማ ይመጣል። በአንድ ፌዝ ቆጣሪ የሚተዳደር ቤት ይህን አይችለውም። ስለዚህ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ከሌላችሁ ማሽን ከማዘዛችሁ በፊት ማመልከቻውን ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አስገቡ፤ ቆጣሪው ከማሽኑ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል።

ቮልቴጁን ደግሞ በቀትር አትለኩት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲያበራ፣ ቴስተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የኤለመንት ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፣ በካሬው ነው የሚወርደው። 220 የነበረው 190 ሲሆን ቮልቴጁ በ14 በመቶ ቀነሰ ትላላችሁ፤ ሙቀቱ ግን በ25 በመቶ ቀንሷል። አብሳይዋ «ማታ ማታ ይሰንፋል» ካሉ ቅሬታቸው እውነት ነው፣ ማሽኑ ግን ጤነኛ ነው።

ኧርዙን በተመለከተ ልመና የለም። ውሃ፣ ብረትና እርጥብ እጅ አንድ ላይ ናቸው። የመዳብ ዘንጉ ከቤቱ ውጭ እርጥበት ባለው መሬት ይቀበር፣ ሽቦው እስከ ማሽኑ አካል ሳይቆራረጥ ይድረስ። ኤሌክትሪክ ወደ ማሽኑ አካል ሲያፈስ የሚያቋርጥ የ30 ሚሊ አምፔር ብሬከር አስገቡለት። አዲስ ማሽን መጀመሪያ ሲበራ ያን ብሬከር የሚጥልበት ጊዜ አለ፤ መጋዘን የቆየ ኤለመንት እርጥበት ስቦ ሊሆን ይችላል። ያኔ ኤለመንቱን አውጥቶ ማድረቅ እንጂ ብሬከሩን አልፎ በቀጥታ መቀጠል አይገባም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ለሚመጣው ምትም ከቮልቴጅ መከላከያ ጋር የሚዘገይ ማስጀመሪያ ቢገባ የመቆጣጠሪያ ካርዱን ያድነዋል፤ በስቲመር ውስጥ ውዱ ዕቃ እሱ ነው።

ጄነሬተር ያላችሁ፣ ስቲመሩን በእሱ ላይ ከመደመራችሁ በፊት አቅሙን አስሉ። ብዙ ቤት ጄነሬተሩ የተገዛው ለመብራትና ለፍሪጅ ነው።

ውሃ፦ እዚህ ላይ ቆም በሉ

ከተተከለ ከአምስት ወር በኋላ የከፈትኩት አንድ ስቲመር አለ። ኤለመንቱ ጣት የሚያክል መሆን ሲገባው እንደ ሸንኮራ አገዳ ወፍሮ ነበር። በካቻቪቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰብሮ ወደቀ፣ ሥሩ ያለው ብረት ተሰነጣጥቋል። ነጩ ነገር ማንቆርቆሪያ ሥር የምታዩት ነው፦ ውሃ ሲተን እንፋሎቱ ይወጣል፣ ኖራው ይቀራል። 12 ኪሎዋት ማሽን በሙሉ ጉልበቱ በሰዓት 16 ሊትር ገደማ ውሃ ያተናል። በቀን አምስት ሰዓት ከሠራ 80 ሊትር ነው፤ በ80 ሊትር ውሃ ውስጥ የነበረ ኖራ ሁሉ እዚያው ይቀራል፣ በየቀኑ። ያ ቅርፊት ሙቀት አያሳልፍም፤ ኤለመንቱ ሙቀቱን ለውሃው መስጠት ሲያቅተው ራሱን ያቃጥላል።

ጎንደር ከምትጠጣው ውሃ ከአንገረብ ግድብ የሚመጣ አለ፣ ከጉድጓድ የሚመጣም አለ። ባሕርያቸው አንድ አይደለም። የግድቡ ውሃ ክረምት ላይ ደለል ይበዛበታል፤ የጉድጓድ ውሃ ጥርት ያለ ሆኖ ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ጥርት ማለቱ አያታልላችሁ። የእናንተ ቧንቧ የትኛውን እንደሚያመጣ ጎረቤት ቢነግራችሁም ለኩት። የጥንካሬ መለኪያ ወረቀት አለ፣ ነክራችሁ ቀለሙን የምታነቡት። ብዙ ሰው የሚይዘው ብዕር መሰል መለኪያ በውሃ ውስጥ የሟሟውን ሁሉ በጅምላ ነው የሚቆጥረው፣ ኖራውን ለይቶ አይነግራችሁም። ውጤቱን ከማሽኑ መመሪያ ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩት።

ማጣሪያ ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። አንደኛው የደለል ማጣሪያ ነው፣ 5 ማይክሮን ያለው፤ አፈርና ዝገት ይይዛል፤ ለማንኛውም ቤት ግድ ነው። ሁለተኛው የከሰል ማጣሪያ፤ ክሎሪንና ሽታ ይወስዳል፣ ኖራ ግን አይነካም። ሻጭ የከሰሉን «ኖራ ይከላከላል» ብሎ ከሸጠላችሁ ተታላችኋል። ሦስተኛው ማለስለሻው ነው፤ በጨው የሚታደስ፣ ኖራውን በሶዲየም የሚተካ። ውሃችሁ ጠንካራ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው፤ ጨው የሚገዛና የሚጨምር ሰው ግን በስም ይመደብ፣ አለበለዚያ በሁለተኛው ወር ባዶ ጣሳ ነው።

«እንግዲያውስ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብንጨምርስ?» ያለኝ ባለቤት ነበር። አይሆንም። ብዙዎቹ ማሽኖች የውሃውን ከፍታ የሚያውቁት በብረት ዘንግ ነው፤ ውሃው ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ «ሞልቷል» ይላሉ። ፈጽሞ የተጣራ ውሃ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ማሽኑ ሞልቶ እየፈሰሰም «ባዶ ነኝ» ይላል።

ቀጥሎ ግፊት። ሮቶውን ጣሪያ ላይ ሰቅለን «ውሃ አለ» እንላለን። ውሃ መኖሩ ሌላ፣ ግፊት መኖሩ ሌላ። አሥር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ነው። ስድስት ሜትር ላይ የተቀመጠ ሮቶ 0.6 ባር ብቻ ይሰጣል፣ ለአብዛኞቹ ማሽኖች የውሃ ማስገቢያ ቫልቭ ደግሞ 2 ባር ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሮቶው በኋላ ትንሽ የግፊት ፓምፕ ይግባ፤ ከመመሪያው በላይ እንዳይሄድ የግፊት መቀነሻም አብሮት። የአቀማመጡ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ሮቶ፣ ፓምፕ፣ ደለል ማጣሪያ፣ ከሰል፣ ማለስለሻ፣ ግፊት መቀነሻ፣ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ፣ ለማሽኑ ብቻ የሆነ መዝጊያ፣ ከዚያ ተጣጣፊው ጎማ። ፓምፑ ሮቶው ባዶ ሲሆን በደረቁ እንዳይሽከረከር ተንሳፋፊ ማጥፊያ አትርሱ፤ ፈረቃው ሲያልፍ ፓምፕ የሚቃጠለው በዚህ ነው።

ጎማውን ከማሽኑ ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ ለአምስት ደቂቃ አፍስሱት። ከአዲስ ቧንቧ የሚወጣው መቦርቦሪያ ፍርፋሪና ቴፍሎን የውሃ ቫልቩን አፍ ይዘጋል። ሁለት ሰዓት የፈጀብኝን ብልሽት ጥፍር የምታክል ነጭ ቴፍሎን ሆና ያገኘኋት ጊዜ አለ።

ፍሳሽ

የማሽኑ ፍሳሽ ሊፈላ የደረሰ ውሃ ነው። ገበያችን ላይ የሞላው ፒቪሲ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል፣ መገጣጠሚያው ይለቃል። ቢያንስ የመጀመሪያው ሁለት ሜትር መዳብ ወይም ጋልቫናይዝድ ይሁን። ውፍረቱ ከማሽኑ መውጫ አይቀንስ፣ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያዘቅዝቅ፣ መንገዱ ላይ ሽቅብ የሚል ቦታ አይኑር። ሽቅብ ካለ ውሃ ይጠራቀማል፣ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና በበሩ በኩል ይመጣል፤ ከዚያ ሰው የበሩን ጎማ እየቀየረ ይከርማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ የፍሳሽ ቧንቧው ከፍሳሽ መስመሩ ጋር በቀጥታ አይበየድ፣ አይጣበቅ። ጫፉ ከወለሉ ፍሳሽ አፍ ቢያንስ አንድ አውራ ጣት፣ ማለትም 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍ ብሎ በአየር ላይ ይቅር። አንድ ቤት «ያምራል» ብለው አጣብቀውት፣ ሐምሌ ላይ መስመሩ ሲሞላ የፍሳሽ ውሃው ተመልሶ ካሮቱ ያለበት ክፍል ውስጥ ገባ። የወለሉ ፍሳሽ አፍ ደግሞ በትክክል ከማሽኑ ሆድ ሥር አይሁን፣ ትነቱ ሽቅብ ወጥቶ የኤሌክትሪክ ክፍሉን ያረጥባል፤ ወደ ጎን ፈቀቅ ይበል። ለሁለት ማሽን አንድ ቧንቧም አይጋራ።

አየር ማስወጫው አጭር ወሬ ነው። ከማሽኑ በላይ የሚሰቀለው እንፋሎት መሳቢያ (ሁድ) ከማሽኑ በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ፣ ጠርዙ የሚንጠባጠበውን የሚሰበስብ ቦይ ይኑረው። ሳይኖር የቀረበት ቤት ኮርኒሱ በአንድ ክረምት ይጠቁራል፣ ይረግባል።

በጋዝ የሚሠራ ወይም ከቦይለር የሚቀበል ከሆነ

ጋዙን አላብዛም። ሲሊንደሩ ውጭ፣ ጥላ ባለው፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ይሁን፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ምድር ቤት ወይም ጉድጓድ አጠገብ አይቀመጥ። መገጣጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ ይፈተሹ፣ በክብሪት አይደለም። ከፍታችን እዚህም ይመጣል፦ አየሩ ስስ ስለሆነ ነበልባሉ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ጥቀርሻ ይጥላል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ያመርታል። ለዚህ ከፍታ ጉልበቱ በሩብ ገደማ እንዲቀንስ ጋዙ የሚወጣበት ኖዝል በአነስተኛ መቀየር አለበት፤ ኖዝሉን ከአምራቹ እዘዙ፣ በመርፌ አትጫወቱበት። ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ እስካልቆመ ድረስ ሥራው አላለቀም።

እንደ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል ባሉ ትልልቅ ካፌዎች እንፋሎቱ ከማዕከላዊ ቦይለር ይመጣል። ይህ የቦይለር ባለሙያ ሥራ ነው። እናንተ የምታረጋግጡት ሦስት ነገር ነው፦ መስመሩ ወደ እንፋሎት ወጥመዱ፣ ማለትም ውሃውን አስወጥቶ እንፋሎቱን ወደሚያስቀረው ቫልቭ፣ ማዘቅዘቁን፣ ከማሽኑ በፊት ግፊት መቀነሻና የደኅንነት ቫልቭ መኖሩን፣ ቦይለሩ ውስጥ የሚጨመረው ኬሚካል ምግብ ለሚነካ እንፋሎት የተፈቀደ መሆኑን። ሦስተኛውን ማንም ስለማይጠይቀው እናንተ ጠይቁ።

ማቆምና ማብራት

ማሽኑን ቦታው ላይ አቁሙ፣ ውሃ ልኩን መጀመሪያ በቁመቱ፣ ቀጥሎ በጎኑ አስቀምጡ። የኩሽና ወለል ለመታጠብ ብሎ ስለሚያዘቀዝቅ እግሮቹን ካላስተካከላችሁ ውሃው ወደ አንድ ጎን ይሄድና የውሃ ከፍታ የሚለካው ዘንግ በሐሰት ያነባል። አንዳንዱ ሰው ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደግፍበታል፤ የድንጋዩን ጥበብ ለአፄ ፋሲል ግንበኞች እንተውላቸው፣ ማሽኑ የራሱ የሚዞር እግር አለው።

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. የመከላከያ ላስቲኩን ከብረቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ላጡት። ከሞቀ በኋላ አይላጥም።

2. ውሃውን ክፈቱ፣ ኤሌክትሪኩን ገና አታብሩ፣ መገጣጠሚያዎቹን በደረቅ ጨርቅ ዳስሱ። ዐይን ያላየውን ፍንጣቂ ጨርቅ ያገኘዋል።

3. ብሬከሩን አንሡ፣ ማሽኑ ውሃ ሞልቶ ራሱ ማቆሙን ጠብቁ።

4. ባዶውን ለአንድ ሰዓት አስሩጡት። የፋብሪካ ዘይት ሽታ ይወጣል፤ መስኮት ክፈቱ።

5. ቴርሞሜትር ክተቱበት። 93 አካባቢ ከሆነ ትክክል ነው። የዝግጁ መብራቷ ካልበራች የማሽኑን የከፍታ ማስተካከያ አስተካክሉ፤ ቴርሞስታት አትቀይሩ።

6. በየፌዙ ያለውን አምፔር በክላምፕ፣ ሽቦውን ከውጭ አቅፎ በሚለካው መለኪያ፣ ለኩና ጻፉት። ከሦስቱ አንዱ ባዶ ካሳየ ፌዝ ጎድሏል ወይም ኤለመንት ተቆርጧል።

7. አጥፉት፣ አፍስሱት፣ ሲወርድ ፍሳሹ አፉ ላይ እንዳይሞላ ተመልከቱ።

አሁን ምግብ ይግባ። እኔ በፎገራ ሩዝና በድንች ነው የምሞክረው፣ አብሳዮቹ በደንብ የሚያውቁት ምግብ ስለሆነ። ሩዙ ባልተበሳ ትሪ ከነውሃው፣ ድንቹ በተበሳ ትሪ። መጽሐፉ ካለው ሰዓት ተነሡ፣ ከዚያ በየሁለት ደቂቃው ጨምሩ፣ አብሳይዋ ቀምሰው «በቃ» ያሉበትን ደቂቃ ጻፉ። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ይህ ካርድ ግድግዳው ላይ ቢሰቀል፣ የጾም አትክልት ሰልፍ ሲመጣ ማንም በግምት አይሠራም።

ለአብሳዮቹ የሚነገር

በሩን አንዴ ቦግ አድርገው እንዳይከፍቱ። መጀመሪያ ጣት የምታህል ክፍተት፣ ፊት ወደ ጎን፣ እንፋሎቱ ይውጣ፣ ከዚያ ሙሉውን። እንፋሎት ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወደ ውሃ ይለወጥና የያዘውን ሙቀት ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ከፈላ ውሃ ይብሳል።

በረኪና ማሽኑ ውስጥ አይግባ። በረኪና አይዝግም የሚባለውን ብረት ሳይቀር በጥቃቅን ነጠብጣብ ይበሳዋል፣ ዋስትናውም በዚያው ይቀራል። ኖራውን ለማስለቀቅ በሲትሪክ አሲድ አጥበው፣ መመሪያው በሚለው መጠን፣ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ። አሲዱና በረኪናው በአንድ ባልዲ ከተገናኙ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፤ ይህን ለጽዳት ሠራተኞቹም ደግማችሁ ንገሩ፣ ምክንያቱም ባልዲው በእነሱ እጅ ነው ያለው። ማታ ማታ ማሽኑ ይፍሰስ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ይደር፣ ጎማው ይድረቅ።

ክፍያችሁን ተቀብላችሁ ብትሄዱም ከሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ተመለሱ። ብሬከሩን አውርዳችሁ ተርሚናሎቹን እንደገና አጥብቁ፤ መዳብ ሲግልና ሲበርድ ይላላል፣ ሁልጊዜም ሩብ ዙር የሚቀበል ብሎን ይገኛል። የደለል ማጣሪያውን አውጥታችሁ ባለቤቱ እጅ ላይ አስቀምጡት። በሰባት ቀን ውስጥ የጠቆረውን ነገር በዐይኑ ካየ በኋላ ቀጣዩን ማጣሪያ ለመግዛት አይከራከራችሁም።